የታዛቢው እህል

በቅሎዋ ቁልቁለቱን ስትወርድ ምንጭ ያረጠበው ጭቃ ላይ እግሯ ከዳት። በቅሎ ሳቢዋ ታየች ልጓሙን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ኋላ ተንጠለጠለች፤ ሙሴ ያኒ ኮርቻው ላይ ሆነው የበቅሎዋን አንገት አቀፉና "ፓናጊያ!" ብለው ጮኹ። በአገራቸው ቋንቋ እመቤታችንን መጣራታቸው ነው። በቅሎዋ ቆመች፤ ጆሮዋን አራገበች፤ ከዚያ ምንም ያላጠፋች መስላ መንገዷን ቀጠለች።

"ታየች፣ አንተ ደህና ነህ?" አሉ ሙሴ ያኒ ባርኔጣቸውን እያቃኑ።

"እኔማ ምን እሆናለሁ። ሊወድቁ የነበሩት እርስዎ።"

ሙሴ ያኒ ግሪክ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሰምና ቆዳ ሲነግዱ ጠጉራቸው ሸብቷል። የጎጃምን ተረት፣ ምርቃትና እርግማን አንድም ሳያስቀሩ ተምረዋል፤ ሴትን "አንተ" ማለት ብቻ ሳይለቃቸው ቀረ። ታየች መጀመሪያ ሰሞን በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቅ ነበር። አሁን ሳቁ የለም። ወደ አማኑኤል በወረዱ ቁጥር ሆዷን የሚሞላው አንድ ጥያቄ ነው፤ ባሏ ደምለው በሕይወት አለ ወይስ የለም?

ነገሩ ከመስቀል ይጀምራል። ጣልያን አገሩን ከያዘ አምስተኛ ዓመቱ ነው። በጮቄ ሥር የሸፈቱት ፊታውራሪ እንዳላማው የአማኑኤልን ምሽግ መስበር አልቻሉም። የምሽጉ አዛዥ፣ ሰው ሁሉ "ማጆሩ" የሚለው ጣልያን፣ እሱም ስንቁን በሰላም ወደ ደምበጫ ማሳለፍ አልቻለም። በመካከል ያለቀው ገበሬው ነው። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ገብሱ ማሳ ላይ እንደቆመ ተቃጠለ። ሦስተኛው ከተቃጠለ የሚሸፍትም የሚገብርም ሰው እንደማይተርፍ ሁሉም ስላወቀው፣ ሽማግሌና ካህን መካከል ገባ። እርቅ ብሎ የጠራው ግን የለም። አገር ከቀማ ሰው ጋር ምን እርቅ አለ? "እህሉ ጎተራ እስኪገባ" ብቻ ተባለ።

እስከዚያ ድረስ የፊታውራሪ ሰዎች ከዝግባ ሚካኤል ደብር በታች ላይወርዱ፣ የማጆሩም ወታደር ወደ ደብሩና ወደ እርሻው ላይወጣ ተማማሉ። ለመተማመኛ ማጆሩ ማሳውን ቁልቁል የሚያየውን መድፉን ከጉብታው አውርዶ መንኮራኩሩን አስፈታ። ፊታውራሪ ደግሞ የእህታቸውን ልጅ ደምለውን መያዣ ሰጡ። መድፍ ብረት ነው፤ ደምለው ግን የታየች ባል ነው።

ቀጥሎ "ማን ይታዘብ?" የሚለው መጣ። ጣልያን ጣልያንን አይታዘብ፣ ሐበሻም ሐበሻን። ከሁለቱም ወገን ያልተወለደ ሰው ሲፈለግ ሙሴ ያኒ ተገኙ። አገራቸው ከማንም ጋር ጠብ ስለሌላት ማጆሩ ተቀበላቸው። ፊታውራሪም በደህናው ዘመን ሰም ይሸጡላቸው ስለነበር ሚዛናቸውን ያውቁታል። በተማማሉበት ቀን ሙሴ ያኒ የደብሩን አለቃ አባ ፍሥሐን አንድ ነገር ጠየቁ።

"አንዱ ቃሉን ቢያፈርስ እኔ ምን አደርጋለሁ?"

"ያያሉ። ያዩትን ይናገራሉ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እግዚአብሔር ያውቃል።"

ሽማግሌው ሁሉ ተራ በተራ መስቀሉን ተሳልሞ ተነሣ።

በዚያ አገር አስታራቂ የሚታመነው በአንደበቱ ሳይሆን በሆዱ ነው። የአንዱን ወገን እህል የቀመሰ ዕለት ሽምግልናው ፈረሰ፤ እህል ይይዛል። ስለዚህ ሙሴ ያኒ ከመስቀል ጀምሮ ደብሩ ውስጥ ተቀምጠው ከደብሩ እህል በቀር አይቀምሱም። ዓርብ ዓርብ ወደ ፊታውራሪ ሰፈር ይወጣሉ፤ ረቡዕ ረቡዕ ወደ ምሽጉ ይወርዳሉ። መድፉን አይተው፣ ደምለውን አነጋግረው ሲመለሱ አባ ፍሥሐ መስቀላቸውን ይዘው በደጀ ሰላሙ ይቆሙና ሌላ ነገር ሳያስቀድሙ "የማንን እህል ቀመሱ?" ይሏቸዋል። "የማንንም" ይላሉ። ከዚያ ያዩትን ይናገራሉ። ሁሉም ደህና ከሆነ ከዝግባው ላይ የተንጠለጠሉት የድንጋይ ደወሎች ይመታሉ። ደወሉ ሲሰማ ገበሬው እስከሚቀጥለው ረቡዕ ልቡን ጥሎ ያጭዳል። ረቡዕ ፀሐይ ጠልቃ ደወል ካልተሰማ ግን ማጭዱን ጥሎ፣ ልጁን አዝሎ፣ ከብቱን ነድቶ ወደ ጮቄ ይወጣል።

ታየች በቅሎ ሳቢ የሆነችው፣ ወንድ ከማሳው በታች ሲወርድ ከታየ ስለሚተኮስበት ነው። "የባሏ ነገር አለባት፣ እንዴት ትሆናለች?" ያለም ነበር። "በቅሎ ሳቢ ታዛቢ አይደለም" ተባለና ታለፈ።

አማኑኤል ደረሱ። የምሽጉ ዘበኛ ሙሴ ያኒን ሲያስገባ ታየች እንደ ወትሮዋ ከሽቦው አጥር ውጪ ቀረች።

"ለደምለው ምን ልበልልህ?" አሏት ከበቅሎ ወርደው።

"ገብሱ ደርሷል ይበሉት። ደግሞ . . . ደህና ናት ይበሉት።"

በሌላው ረቡዕ በቅሎዋ ደህና አድርጋ ሣር ሳትነጭ ይመለሱ ነበር። ዛሬ ጥላው ዞረ። ግቢው ውስጥ ነጭ ወታደር ከወትሮው በዝቶ ይርመሰመሳል፤ ብዙ በቅሎዎች ይታጠቃሉ። ታየች ወደ ደምበጫ ስንቅ ሊያወርዱ ነው ብላ አለፈችው። የሷ ዓይን የሚፈልገው ባርኔጣ ነበር።

ሙሴ ያኒን ያየቻቸው ያለ ባርኔጣ ነው። ከባሕር ዛፍ ሥር ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ወታደሮች ግራና ቀኝ ቆመዋል። ቀበቷቸውም የለም። ቤቱ ገብቶ ልብሱን ያላላ ሰው መስለው ታይዋት። ጭናቸው ላይ የተከፈተ የቆርቆሮ ሥጋ አለ። ሙሴ ያኒ አንገታቸውን ወዲያ ወዲህ አዙረው አጥሩን ተመለከቱ፤ ታየችን አገኙ። ዓይናቸውን ከእሷ ሳይነቅሉ ከሥጋው ቆንጥረው ከፍ አደረጉት። አፋቸው ውስጥ ከተቱት። አኘኩ። ዋጡ።

የጣልያንን እህል። ያውም ሥጋ። ያውም በረቡዕ!

 እኒህ ሰውዬ ሃይማኖታቸው ለኛ ቅርብ ነው፤ ረቡዕና ዓርብን ሲገድፉ አንድ ቀን አይታ አታውቅም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በልቧ አንተ አለችው። አንተ ከንቱ። አንተ ሆዳም። ያ ሁሉ ሰው አንተን አምኖ ጀርባውን ሰጥቶ ሲያጭድ በአንድ ጉርሻ ሸጥከው?

"የሙሴ ያኒ በቅሎ ሳቢ አንቺ ነሽ?"

የጠየቃት አስተርጓሚው ፍቅረ ሥላሴ ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ቅኔ ቤት ሳለ ጣልያን መጣና የጣልያንን ቋንቋ ተማረ። ካኪ ካፖርት ለብሷል። ማተቡን ግን አልበጠሰም፤ ሲናገር በጣቱ ይነካካዋል።

"ሙሴ ያኒ ዛሬ እዚህ ያድራሉ" አላት። "'ሁሉም ደህና ነው፣ ደወሉ ይደወል' ብለዋል። ለአባ ፍሥሐ እንዲህ ብለሽ ንገሪ።"

"እሱ ራሱ አፍ የለውም? ያው ቁጭ ብሎ ይበላ የለም እንዴ!"

ፍቅረ ሥላሴ ወደ ባሕር ዛፉ ዞሮ አላየም። "ከማጆሩ ጋር ጉዳይ አላቸው። ይልቅ ወደዚህ ቁሚ" አለና እጁን ወደ ድንጋዩ ቤት አወዛወዘ።

ደምለውን አውጥተው በሩ ላይ አቆሙት።

ከመስቀል ወዲህ በዓይኗ አላየችውም። የታወከ በሬ በቀንዱ ይዞ የሚያቆም ሰው ነበር፤ አሁን ሸማው ትከሻው ላይ ቆጥ ላይ እንደጣሉት ልብስ ተንጠልጥሏል። ፀሐዩ ወግቶት እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ፈለጋት፤ አያት፤ ሳቀ። "ደምለው!" ስትል መልሰው አስገቡት።

"ማጆሩ ቃል ገብቷል" አለ ፍቅረ ሥላሴ። "ማታ ደወሉ ከተሰማ ነገ ባልሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።"

"ካልተሰማስ?"

ማተቡን ነካ። "እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ እህቴ። በል ያሉኝን ነው የምለው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሂጂ፣ አታምሺ" አላትና ጀርባውን ሰጣት።

ታየች ባዶ ኮርቻ የጫነችውን በቅሎ እየሳበች ተመለሰች። መንገዱን ሁሉ የምታየው በሩ ላይ የሳቀውን ፊት ነው። የያኒን መብላት ለማንም ላለመናገር ወሰነች። ምን አገባት? የበላው እሱ፣ የሚጠየቀውም እሱ። በቅሎ ሳቢ ታዛቢ አይደለም ያሉት ራሳቸው ሽማግሌዎቹ ናቸው። ደወሉ ይደወል፤ ደምለው ይምጣ። ማጆሩ ውሸታም እንደሆነ አጥታው አይደለም። የቸገረው ግን ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል።

ወንዙ ዳር ወለተ ሐዋርያት የምትባለውን ጨው ነጋዴ አገኘቻት። ከደብረ ማርቆስ መምጣቷ ነው፤ አህያዋን ውሃ ታጠጣለች። በቅሎዋን አየት አድርጋ ደረቷን ደቃች።

"ይህች የሙሴ ያኒ በቅሎ አይደለችም? ወይኔ! እሳቸውንም ያዟቸው?"

"ማን ይይዛቸዋል?"

"አልሰማሽም እንዴ? ሰኞ ዕለት ጣልያን የግሪክን አገር ወጋ! ደብረ ማርቆስ ያሉትን ግሪኮች ትናንት አንድ ሳያስቀሩ ለቀሟቸው። ባርኔጣና ቀበቶ አስወልቀው እንደ ሌባ በገበያው መሀል ሲነዷቸው በዚህ ዓይኔ አየሁ። ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አይ ሰው መሆን!"

ታየች የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘች ውሃው ውስጥ ቆመች። ባርኔጣው። ቀበቶው። ግራና ቀኝ የቆሙት ወታደሮች። ወደ ደምበጫ ስንቅ ያወርዳሉ ያለቻቸው በቅሎዎችም ትዝ አሏት፤ ስንቅ አልነበረም የሚጫንባቸው፤ የመጎተቻ ሰንሰለት ነበር የሚታጠቁት። መንኮራኩሩን መልሰው መድፉን ሊጎትቱ ነው።

ሙሴ ያኒ በሌላ ሰው ጠብ፣ ባሕር ማዶ በተተኮሰ ጥይት፣ በአንድ ሌሊት ታዛቢነታቸው ቀረ። ጮኸው እንዳይናገሩ ጠባቂ አለ፤ አስተርጓሚው ይሰማል። የቀራቸው አፋቸው ውስጥ የሚያስገቡት ነገር ብቻ ነበር። "ከእንግዲህ ታዛቢያችሁ አይደለሁም፣ እንዳታምኑኝ" ሲሉ በሉ። እሷ ታይ ዘንድ ጉርሻውን ከፍ አድርገው፣ ጾማቸውን ገድፈው በሉ። በታየች ልብ እንደገና እሳቸው ሆኑ።

"ይቅር ይበሉኝ" አለች ለባዶው ኮርቻ።

ባታውቅ ይሻላት ነበር። አሁን ግን ደወሉ ከተደወለ ማን እንደሚሞት ታውቃለች፤ ካልተደወለም ማን እንደሚሞት ታውቃለች።

ከወንዙ በላይ ማሳው ተጀመረ። ገብሱ ነጥቶ ነፋስ ያስተኛዋል፤ አጫጆቹ ተሰልፈው አንዱ ዜማ ሲያወርድ ሌላው ይቀበላል። ሁለት ዓመት አልተዘፈነም ነበርና ድምፃቸው ገና አልላላም። ጎረቤቷ ደብሪቱ ነዶ ታቅፋ ብቅ አለች። ሕፃኗን ነዶው ጥላ ሥር አስተኝታዋለች።

"ታየች! ሙሴን የት ጥለሻቸው መጣሽ?"

"ይመጣሉ።"

"ደምለውስ?"

"አየሁት። ደህና ነው።"

"እሰይ! እልልልል!" አለች ደብሪቱ፤ መስመሩ ሁሉ እልልታውን ተቀበለ። "በይ ቶሎ ሂጂና ደወሉን አስደውይልን። ይህችን ቁራጭ ነገ በጠዋት ጨርሰን ወዳንቺ ማሳ እንሻገራለን።"

ታየች ሕፃኑን አየችው። ዝንብ አፉ ላይ አርፎበት እጁን ያወራጫል። በቅሎዋን ሳበች።

ዝግባ ሚካኤል ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። አባ ፍሥሐ በደጀ ሰላሙ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ለሙሴ ያኒ የተቀመጠ ዳቦ በሰፌድ አለ። ባዶውን ኮርቻ አዩ። የታየችን ፊት አዩ።

"ታዛቢው የለም" አሉ። "እንግዲህ ያየሽው አንቺ ነሽ። ጠጋ በይ፣ ልጄ።" መስቀሉን ግንባሯ ላይ አደረጉ። "የማንን እህል ቀመሰ?"

"የማንንም" ማለት አንድ ቃል ነው። ምላሷ ላይ ነበር፤ ጣዕሙ ሁሉ ታወቃት። ነገ በዚህ ሰዓት ደምለውን በዚህች በቅሎ ላይ አስቀምጣ ስትመጣ ታያት። ከታች የአጫጆቹ ዜማ ይሰማል። ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማት የደብሪቱ ድምፅ ነው። ታየች መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

"የጣልያንን" አለች። "ሥጋ። እያየኝ። እያዩኝ ቀመሱ፣ አባ። አሥረዋቸዋል። መድፉን ሊያወጡ ነው። 'ደወሉ ይደወል በይ፣ ነገ ባልሽን እንሰጥሻለን' ብለውኛል።"

ከዚያ በኋላ እሪ አለች። አባ ፍሥሐ ዝም አላሰኟትም። የደወል መምቻውን ጠጠር ከዝግባው ሥር አንስተው በካባቸው ኪስ ከተቱት፤ ራሳቸው ሄደው እንዳይደውሉ የፈሩ ይመስሉ ነበር። እሳቸውም ደምለውን በልጅነቱ ፊደል አስቆጥረውታል።

"ምስኪን ያኒ" አሉ። "አየ፤ ያየውንም ነገረን። ሌላማ ምን ጉልበት ሰጥተነው ኖሯል?"

ፀሐይ ጠለቀች። ዜማው መጀመሪያ ከአንድ ማሳ ቀረ፤ ከዚያ ከሌላው። ሰው ቀና ቀና ብሎ ወደ ዝግባው ያያል። አንድ ሽማግሌ ጆሮውን ወደ ደብሩ አዘንብሎ ትንሽ ቆየና ማጭዱን ወገቡ ላይ ሻጠ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀ አልነበረም። ነዶው እንደታሰረ፣ እንዳልታሰረም ቀረ፤ ጥጃው ተፈታ፤ ሕፃኑ ታዘለ። ከሸንተረሩ ላይ የፊታውራሪ ጠባቂዎች ተጣሩ፤ ከወዲያኛው ሸንተረር ተመለሰላቸው። ዓመቱን ሙሉ የተለፋበት ገብስ እንደቆመ ጥለውት ወጡ።

አባ ፍሥሐ ዳቦውን ቆርሰው ለታየች ዘረጉላት። "ከጠዋት ጀምሮ የማንንም አልቀመስሽም። ብዪ።"

ተቀበለች። ወደ አፏ ግን አልሄደላትም። ነጠላዋን ጫፉን ዘርግታ ዳቦውን ቋጠረችበት፤ ተነሣችና በቅሎዋን ወደ ቁልቁለቱ አዞረቻት።

"ወዴት ነው?"

"አማኑኤል።"

"ምን ልትሠሪ? ልታድኚው ነው?"

"በምኔ አድነዋለሁ፣ አባ?" አለች። "ሙሴ ያኒ ታሰሩ። ከእንግዲህ ደምለውን የሚያየው ሰው የለም። ሲያወጡት ቀና ቢል አንድ የሚያውቀው ፊት ይይ።"

አባ ፍሥሐ መስቀሉን አሳልመው ባረኳት።

ሰው ሁሉ ሽቅብ ሲተም እሷ ቁልቁል ሄደች። ደብሪቱ ሕፃኗን አዝላ፣ ሁለት ጥጃ እየነዳች መንገድ ላይ ተገናኘቻት። ባዶውን ኮርቻ አየች፤ የምትሄድበትን አቅጣጫ አየች፤ ገባት። የታየችን እጅ ይዛ ለቀቀች፤ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም፤ ጥጆቹ ሄደውባት ነበር።

ምንጩ ጋ ስትደርስ በቅሎዋ ያው ጭቃ ላይ እግሯ ከዳት። ታየች ልጓሙን ይዛ ወደ ኋላ ተንጠለጠለች። ኮርቻው ባዶ ስለነበር የጮኸ ሰው የለም።